ሳትሳፈሩ የምትከፍሉት ሂሳብ፦ የትራንስፖርትን ዋጋ ስናሰላ የምንሠራቸው ስህተቶች

መገናኛ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የትራንስፖርት ዋጋ ስንት ነው ብትሉት ታሪፉን ይነግራችኋል። ባለ መኪናው ደግሞ ነዳጅ ይላችኋል። ሁለቱም አልዋሹም። ግን ከተሳፋሪው ኪስ የማይወጣ፣ ሌላ ሰው የሚከፍለው ብዙ ሂሳብ አለ። አንዱ በሳል ይከፍለዋል፣ አንዱ በእንቅልፍ፣ አንዱ በእግሩ። ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ያልተሳፈረው ነው።

መኪና ስንገዛ፣ ቤት ስንመርጥ፣ "ባቡሩ ከሰረ" እያልን ስንከራከር ይህን ሂሳብ እንዘለዋለን። ከታች ያሉት በየጨዋታው መሀል ደጋግመው የሚሰሙ ስህተቶች ናቸው። ምሳሌዎቹን በብዛት ከአዲስ አበባ ወስጃለሁ።

ነዳጅ ሲረክስ ድሃ ይጠቀማል ማለት

እስከ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድረስ መንግሥት የነዳጅን ዋጋ ለሁሉም ይደጉም ነበር። ማደያ የገባ ሁሉ በሊትር እኩል ያገኛል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። 60 ሊትር የሚሞላ ላንድክሩዘር የ60 ሊትር ድጎማ ይዞ ይወጣል። በሚኒባስ ከፒያሳ ስታዲየም የሚሄድ ሰው ድርሻው አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ከኮልፌ መርካቶ በእግሩ የሚመላለሰው ደግሞ ጭራሽ የለበትም። ገንዘቡ ግን የወጣው ከሁሉም ነው፤ የነዳጁ ዶላርም ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ ከሚፈለገው ዶላር ጋር ከአንድ ካዝና ነው የሚመጣው።

ከሐምሌ 2014 በኋላ ድጎማው ቀስ በቀስ ተነስቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ በቴሌብር በኩል እንዲሰጥ ተደረገ። በወቅቱ ብዙ ጩኸት ነበር። ኑሮ ስለተወደደ ጩኸቱ ይገባኛል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር እላለሁ፤ አፈጻጸሙ ላይ ያለው ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው። ነዳጅ ጨመረ ሲባል እግረ መንገዳችሁን ማን ስንት ሊትር እንደሚያቃጥል ጠይቁ።

በእግር መሄድ ነፃ ነው ብሎ ማሰብ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር ናቸው። ይሄን ስንሰማ "ጥሩ ነው፣ ጤና ነው፣ ጭስ የለውም" እንላለን። ለአየሩ እውነት ነው። ለእግረኛው ግን በጣም ውድ ጉዞ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሕይወት አለ። በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ማለትም ከሁሉም ያነሰ አደጋ የሚፈጥረው ሰው ከሁሉም በላይ ይሞታል። በዓለም ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ግምት 1.19 ሚሊዮን ሟች ነው፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ደግሞ የመኪና አደጋ ቀዳሚው ገዳይ ነው።

ከሞት በኋላ ደግሞ ወረቀቱ ይመጣል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ደግሞ 100,000 ብር። የአንድ ሰው አጥርና በር ከሰውየው በልጦ ሊካስ ይችል ነበር ማለት ነው። የቀረውን ማን ከፈለው? ቤተሰብ። ዕድር። ሆስፒታል ደጃፍ ላይ የተዘረጋ ነጠላ። ልጁን ለማስታመም ሥራ የለቀቀች እናት። ይህ ሁሉ በማንም ታሪፍ ውስጥ አልገባም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስታ በጨለማ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ሰው ቤት ሥራ የምትሄድ ሴትን አስቡ። የመንገድ መብራት የሌለበትን ትዞራለች። ዙሩ ግማሽ ሰዓት ይጨምርባታል። ክረምት ከሆነ ጭቃ አለ፤ ጎርፍ የሸፈነው ክፍት ማንሆል አለ፤ ዳር ዳር ያለ ሰፈር ከሆነ ጅብም አለ። "የትራንስፖርት ወጪዋ ዜሮ ነው" የሚል ስሌት እሷን ጨርሶ አላያትም።

ከሁለት ሦስት ዓመት ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ቦሌ መንገድ ላይ ወይም ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የሄደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከዚያው ሥፍራ ተነስቶ ዳር ከተማ ቤት የተሰጠው ነዋሪ ደግሞ ድሮ በእግሩ የሚደርስበትን ሥራ አሁን በሁለትና በሦስት ታክሲ ነው የሚደርስበት። ሁለቱም የአንድ ሂሳብ ክፍሎች ናቸው። አንዱን ብቻ አንስቶ መጨፈርም ሆነ መራገም ትክክል አይደለም።

ጭሱን አይቶ ሚኒባሱን ብቻ መኮነን

አሮጌ ሚኒባስ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሲለቅ ሁላችንም መስኮት እንዘጋለን። "እነዚህ ናቸው ከተማዋን ያበላሿት" እንላለን። በርግጥ ያጨሳሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አሮጌ ሞተር ነዳጁን በደንብ ሳያቃጥል ይተፋዋል። እንጦጦ ወይም ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ጭሱ የሚከፋው ለዚህ ነው።

ግን እስቲ በሰው እናካፍለው። ሚኒባሱ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢበላና 12 ሰው ቢጭን ለአንድ ሰው 1 ሊትር ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳው አውቶሞቢል 8 ሊትር ቢበላ ለአንድ ሰው 8 ሊትር ነው። ቦታውንም አስሉት። እነዚያ 12 ሰዎች እያንዳንዳቸው መኪና ይዘው ቢወጡ፣ በመጨናነቅ ውስጥ አንዱ መኪና ከነክፍተቱ 7 ሜትር ቢይዝ፣ ሰልፉ 84 ሜትር ይሆናል። ሚኒባሱ ብቻውን 7 ሜትር ይበቃዋል። ቦሌ ድልድይ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተጣበን የምንጠብቀው ብዙ ጊዜ ባዶ ወንበር ይዘው የተሰለፉትን ነው።

ይሄን ስል ጭሱን እያቀለልኩት አይደለም። ለአየር ንብረት የሚታሰበው ካርቦን ሌላ ነው፤ ሳንባ ውስጥ የሚገባው ጥቀርሻ ሌላ። ጥቀርሻው እዚያው ሰፈር ነው የሚቀረው። ታክሲ ተራ አጠገብ በቆሎ የምትጠብሰውን እናት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዱካዋ አጭር ናት። ፊቷ ከአውቶቡሱ ጭስ ማውጫ ጋር እኩል ነው። ሹፌሩ ፍሬኑን ለቆ ነዳጅ ሲረግጥ ጭሱ በቀጥታ እሷ ላይ ነው። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አለ። እሷ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ነች፤ ተሳፋሪው ግን በሁለት ደቂቃ ያልፋታል። የጀብሎው ልጅም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ተራ አስከባሪውም እንደዚያው።

ስለዚህ ሚኒባሱ በነዳጅና በቦታ ይረክሳል፣ በጥቀርሻ ይከብዳል። መፍትሔው ሚኒባሱን ማጥፋት ሳይሆን ሞተሩን መቀየርና ትልልቅ አውቶቡስ መጨመር ነው። ወያላውንና ሹፌሩንም አትርሱ። ብዙው ሹፌር የሚሠራው በየቀኑ ለባለንብረቱ የሚያስገባውን ገንዘብ እያሰበ ነው። ትርፍ የሚጭነው፣ መስመር ቆራርጦ ሁለት ጊዜ የሚያስከፍለው፣ የሚከንፈው አንዳንዴ ከዚያ ጭንቀት ነው። ያስቆጣል፤ መነሻው ግን ይኸው ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ዕዳ የለብኝም ማለት

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ እርምጃ የወሰደ የመጀመሪያዋ ሀገር ነች። ያኔ ብዙዎች ሳቁ። አሁን ቦሌና ሲኤምሲ ላይ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም።

ለኛ ሀገር ከብዙዎቹ በተሻለ የሚያዋጣበት ምክንያት አለ። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃ፣ ከነፋስና ከመሰል ምንጮች ነው። በድንጋይ ከሰል መብራት የሚያመነጭ ሀገር ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ መኪና ጭሱን ወደ ኃይል ማመንጫው ነው የሚያዛውረው፤ እኛ ጋ ግን በእርግጥ ይቀንሳል። ዶላርም ያድናል። እስከዚህ ድረስ ደጋፊ ነኝ።

አሁን ወደማይወራው እንምጣ። ባትሪው ውስጥ ሊቲየም አለ፤ በአንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ኮባልት አለ። የዓለም ኮባልት አብዛኛው ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ይወጣል፤ ከዚያም ውስጥ ሕፃናት ጭምር በእጃቸው የሚቆፍሩት አለበት። ባትሪው አርጅቶ ሲያበቃ የት ይሄዳል? የአሮጌ መኪና ባትሪ በየጓሮው ሲፈታ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ቀላል አድርጎ አያየውም።

ደግሞ ባትሪው ከባድ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይጨምራል። ጎማና አስፋልት ሲፋተጉ የሚነሳው ብናኝ በክብደት ይጨምራል፤ የፍሬኑ ብናኝ ደግሞ መኪናው ፍጥነቱን በሞተሩ ጭምር ስለሚገታ ይቀንሳል። ሲገጭም ከባድ መኪና ይበልጥ ይጎዳል። በዝግታ ሲሄድ ድምፅ ስለማይሰማ ለዓይነ ስውርና ለሕፃን አደገኛ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ኤሌክትሪክ መኪና መኪና ነው። ያችኑ 7 ሜትር ይይዛል። ሜክሲኮ አደባባይን ያጨናንቃል። ፓርኪንግ ይፈልጋል። ገንዘቡ ያለው ሰው በንጹሕ ኅሊና ብቻውን ተቀምጦ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ሰልፍ ላይ ላለው ሰው ግን ወንበር አልጨመረለትም። በዚያ ላይ የመኪናው ዋጋ የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ደሞዝ ነው። ስለዚህ ለኔ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ከአውቶቡስ ቢጀምር ይሻላል።

መንገዱ ሲሰፋ መጨናነቁ ይጠፋል ማለት

ይሄ በብዙ ሀገር የተሞከረ ነው። አሜሪካ ሂዩስተን ውስጥ ኬቲ የተባለው አውራ ጎዳና እስከ 26 መስመር ድረስ ሰፍቶ በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጠናቀቀ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ጉዞው ተመልሶ ረዘመ። መንገድ ሲሰፋ ቤቱ ይቀመጥ የነበረው ይወጣል፣ በአውቶቡስ የሚሄደው መኪና ይገዛል፣ ከተማውም ወደ ዳር ይለጠጣል። ሴኡል በተቃራኒው መሀል ከተማ ያለውን ከፍ ያለ መንገድ አፍርሳ ከሥሩ የተቀበረውን ቾንጌቾን ወንዝ በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መልሳ ከፈተችው። ከተማዋ አልቆመችም።

የኛው ቀለበት መንገድ ለመኪና ትልቅ እፎይታ ነበር። ለሰፈሩ ሰው ግን ግንብ ነው። ድሮ ተሻግሮ ሽንኩርት ይገዛ የነበረ ሰው መሸጋገሪያ ድልድዩ ጋ ለመድረስ ብዙ መቶ ሜትር መሄድ አለበት፤ ካልሆነ አጥር ይዘላል። ሲገጭ "ለምን ዘለለ?" ይባላል።

ባቡሩን በትኬት ገቢው ብቻ መመዘን

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር። 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ሲጀመር ትኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በዚያ ዋጋ ብድሩ እንደማይከፈል ለማወቅ ሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙ ደግሞ "ይኸው ከሰረ" የሚለው ወሬ ጠነከረ።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት በአንድ ላይ ይሠራል። አንደኛው፣ መንገድ አትርፎ አያውቅም፤ "የቦሌ መንገድ ከሰረ" ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ባቡሩ ብቻ ነው በትኬቱ የሚመዘነው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ፒያሳ በየቀኑ በርካሽ የተጓዘው ሕዝብ ያተረፈው ሰዓትና ብር፣ ያልተነፈሰው ጭስ በዚያ ሚዛን ላይ አልወጣም።

ሁለተኛው ስህተት የደጋፊዎቹ ነው። ባቡሩ ጭስ የለውም፣ ስለዚህ ማንንም አልጎዳም ይላሉ። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ያለውን አጥር እዩት። ጉርድ ሾላ ላይ በአንድ በኩል ያለ ሱቅ በሌላው በኩል ያለውን ደንበኛ አጥቷል። ሊፍቱ የማይሠራ ጣቢያ ላይ ዊልቸር ያለው ሰው ባቡሩ ለሱ እንዳልተሠራ ያውቃል። ዕቃ የተሸከሙ አሮጊት ደረጃውን ሲወጡ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ፤ አራተኛው ላይ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ብረቱን ይዘው ቁልቁል ይቃኛሉ፣ ባቡሩም ከሥራቸው ያልፋል። የሐዲዱ ጥፋት አይደለም። ዕቅዱን ያወጣው ሰው በመኪና እንጂ በእግር እንደማይሄድ ያስታውቃል።

የጅቡቲው ባቡርም ተመሳሳይ ነገር አለው። 750 ኪሎ ሜትር ያህል በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የብዙ ከባድ መኪና ጭስና አደጋ ይቀንሳል። ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ለቡ ድረስ፣ ድሬዳዋ ላይም ከከተማ ወጥቶ መሄድ አለ። የድሮው ባቡር ድሬዳዋ መሀል ነበር የሚቆመው፤ በዙሪያው ሻይ፣ ብርቱካንና ሳሙና እየሸጠ የሚኖር ስንት ሰው ነበር።

ሰውን ብቻ ቆጥሮ ዕቃውን መርሳት

ስለ ትራንስፖርት ስናወራ ተሳፋሪ ነው የሚታየን። ግን አሸዋውስ? ሲሚንቶውስ? ሽንኩርቱስ? የሲኖትራክ ገልባጮችን ሕዝቡ "ቀይ ሽብር" ያላቸው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ሌሊት ሌሊት ሲያልፉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ በመንገዱ ዳር ያለ ሰው እንቅልፉን በየቀኑ ለአንድ ሕንፃ ይገብራል። ከአወዳይ ጫት ጭኖ ሳይደርቅ ለማድረስ የሚበር አይሱዙም እንደዚሁ ነው። የፍጥነቱን ዋጋ የሚከፍለው መንገድ ዳር ያለው እረኛ ነው።

አህያን ደግሞ ማንም አይቆጥራትም። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው ሀገራት ግንባር ቀደሟ እኛ ነን፤ መርካቶ ያለ አህያ አንድ ቀን አታድርም። ጭስ የላትም፣ ዶላር አትፈልግም። የጀርባዋን ቁስል ግን እዩት። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም አጓጓዦች ናቸው፤ የከተማው የእንጀራ ምጣድ ለዘመናት የጋለው በነሱ ወገብ ነው።

"አውሮፕላኑማ እኔ ባልሄድም ይበራል" ማለት

ይህችን የምሰማው ውጭ ከሚኖሩ ዘመዶች ነው። ወንበር ሲሞላ ነው በረራ የሚጨመረው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ትኬት ይቆጠራል። አውሮፕላን ከፍታ ላይ ከካርቦን ሌላ የሚተወው ነጭ የደመና መስመርም ሙቀትን ያምቃል። እናትን ለመጠየቅ ከዋሽንግተን የሚመጣ ልጅን ግን አልወቅስም። ሌላ መንገድ የለውማ። ለሁለት ቀን ስብሰባ የሚመላለሰውን ነው እንጂ። ቢሾፍቱ አካባቢ ለሚሠራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ መሬቱን የሚለቀው ገበሬም አንድም ቀን ሳይሳፈር ከከፋዮቹ አንዱ ነው።

ቤት ሲመርጡ ትራንስፖርቱን መጨረሻ ላይ ማሰብ

ይሄ በእጃችን ያለ ስለሆነ መጨረሻ አድርጌዋለሁ። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ደስታው ልክ የለውም። ቦታው ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ መሆኑ የሚታሰበው ቁልፉ ከተያዘ በኋላ ነው። ተከራይም ቢሆን "ዳር ስለሆነ በወር ይሄን ያህል ይረክሳል" ብሎ ይገባል። ያ የረከሰው ገንዘብ በታክሲ ያልቃል። ካላለቀም በሰዓት ያልቃል።

ከመፈረማችሁ በፊት ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚያ ቤት ተነስታችሁ ሥራ ቦታችሁ ድረስ ሂዱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰው መኪና ሄዶ "20 ደቂቃ ነው" ማለት አይሠራም። ሰልፉን፣ የተቆራረጠውን መስመር፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ታክሲ ሲጠፋ የሚከፈለውን ኮንትራት ሁሉ ጻፉት። በ26 የሥራ ቀን አባዙት። ከዚያ ሚስት ወይም ባል፣ ልጆች የሚሄዱበትን ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያ ጨምሩበት፤ በብዙ ቤት እነዚህን ሦስቱንም የምትዞረው አንድ ሴት ነች፤ የሷ ጉዞ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት የሚል ቀጥታ መስመር አይደለም። የኪራዩን ልዩነት ከዚህ ድምር አጠገብ አስቀምጡና እዩት። መሀል ከተማ ያለችው ጠባብ ቤት አንዳንዴ የረከሰችው እሷ ሆና ትገኛለች።